ቀይዋ መኪናና የጋሼ ጥሩነህ እጅ

ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «እሰይ፣ አሁንማ አረፍክ» ይለኛል። እንደዚህ ቃል የሚያበግነኝ የለም። ምን አርፌ! ጡረታ የወጣ መካኒክ አያርፍም፤ ጠዋት ጠዋት እጁ ቀድሞት ይነቃና የሚይዘው ያጣል። እኔ ይሁኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ገብቼ፣ ከዚያው ጋራዥ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሲሸኙኝ ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱን ሚስቴ ሰቀለችው፤ እኔ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ልጆቼ ደግሞ ከምትነጫነጭብን ጻፈው አሉኝ። ይኸው እጽፋለሁ። ደስ የሚል ነገር የሚጠብቅ ካለ ግን ከአሁኑ ይተወው።

ሥራ የጀመርኩት መንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ነው። ረዳት ማለት ያኔ መፍቻ አቀባይ፣ ዘይት ደፊ፣ ከመኪና ሥር ተንፏቃቂ ማለት ነበር። ደመወዙ የሣሙናም አይሆን፤ እሱን እንተወው። ከዚያ ጉንደ ወይን ካምፕ ላኩኝ፣ ከዚያ ቁይ፣ ከዚያ መርጡለ ማርያም። ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው ገልባጩንም ግሬደሩንም ይውጠዋል፤ እኛ ደግሞ ከጭቃው እያወጣን ድንኳን ሥር እንፈታዋለን። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ሪፖርት እንጂ መኪና አይወድም። ሌላው የዘይት ሽታ ራሱን ስለሚያዞረው ትእዛዙን የሚሰጠን በመስኮት ነበር። የብዙዎቹን ስም ረስቻለሁ። የማልረሳው ጋሼ ጥሩነህን ነው።

ጋሼ ጥሩነህ አለቃ አልነበሩም፤ ማስተር ነበሩ፣ የመካኒኮች ሁሉ የበላይ። ሞተር ሲፈቱ አያወሩም። ሌላው መካኒክ የፈታውን ቡሎን ቆርቆሮ ውስጥ ይዘረግፈዋል፤ እሳቸው ንጹሕ ጆንያ አንጥፈው በአፈታቱ ተራ ይደረድሩታል። ያንን ጆንያ የረገጠ ወዮለት። ሞተር ሲታመም የረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ የታመመበትን ቦታ በጣታቸው ያሳያሉ፣ እኛ እንፈታለን፣ በሽታው እዚያው ይገኛል። ሥራ ሲያልቅ እጃቸውን መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በአመድ፣ መጨረሻ በሣሙና ይታጠባሉ። ምሳ ቤት ሲገቡ አስተማሪ እንጂ መካኒክ የሚላቸው አልነበረም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አስተሳሰራቸው ነው። ቡሎን ከላላ ይፈታል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። ልኩን የሚናገር ባለቁጥር መፍቻ አለ፤ ጋሼ ጥሩነህ ነክተውት አያውቁም። ተራውን መፍቻ ይዘው ቀስ እያሉ ይስቡና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላሉ። «በቃው» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን በባለቁጥሩ መፍቻ ከኋላቸው እየተከተልን ለካን፤ አንድም ቀን ስተው አላገኘናቸውም። ቆይቶ መለካቱ ራሱ ነውር ሆነ። እሳቸው ባሰሩት ቡሎን ራስ ላይ የቀይ ቀለም ነጥብ ያደርጉበታል፤ ያንን ነጥብ ያየ ሰው፣ አለቃም ይሁን፣ እጁን ይሰበስባል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ከተጻፈው ሁሉ ግን የሚከበረው እሱ ነበር።

አሁን ሙያው ሌላ ሆኗል። ልጆቹ ኮምፒዩተር ይሰኩና መኪናው ራሱ የሚያመውን ይነግራቸዋል። አልንቃቸውም፣ ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ደግሞ ድምፅ የለው፣ ዘይት የለው፣ ምኑን ታዳምጠዋለህ? በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጋራዡ ውስጥ ያልተጠራ ሰርገኛ መስዬ ነበር የምቆመው። ዕድሜዬም ደረሰ፣ ወጣሁ። የማውቀውን ሁሉ ይዤው መጥቼ የማስቀምጥበት አጣሁ።

ጋሼ ጥሩነህ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ነበር ጡረታ የወጡት። ጓሯቸው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ ለብሳ የምትኖር መኪና አለቻቸው። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የስፖርት መኪና። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ሲለው ጥሏት ሊሄድ ሲል እሳቸው ገዟት። በቅርቡ እሠራታለሁ ሲሉ ልጆች ተወለዱ፣ ልጆች አደጉ፣ የሰው መኪና ሲጠግኑ ጉልበታቸው አለቀ። ሰፈሩ መቀለጃ አድርጓት ነበር። ጤፍ አትጭን፣ እንጨት አትጭን፣ ዘመድ አታሳፍር፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሆዷ ይመታል፣ ምን ልትሆን ነው ይላል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡማ «ጣውንቴ» ነበር የሚሏት።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስኳር ይዟቸው ከስተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለ ጋራዡ ጠየቁኝ፣ የማወራው ብዙ አልነበረም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓሮው መልሰው «ይሁኔ፣ እኔ እኮ የሰውን ሁሉ ሞተር አስነሥቼ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ ልሞት ነው» አሉኝ። አባባላቸው የቧልት ነበር፤ ፊታቸውን ግን ከጓሮው አልመለሱም። እኔም ሳላስብ በሕይወት እያሉ እናስነሣታለን አልኩ። በማግስቱ ሳጥኔን ይዤ ሄድኩ።

ሸራውን ስንገልጥ መኪናዋ የአይጥ ቤት ሆናለች። ወለሏ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል። የወለሉን ላሜራ ከአሮጌ በርሜል ቆርጬ፣ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጬ በየድኩት። የነከሰው ሞተር ላይ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለን እያፈሰስን ሰነበትን፤ ጋሼ ጥሩነህ ማንም በግድ እንዳያዞረው ከለከሉ፣ ብረት አይቸኩልም እያሉ። አንድ ቀን በራሱ ጊዜ እንደ በረዶ ለቀቀ። የፒስተኑ ቀለበት አገር ውስጥ የለም፤ የውሃ ፓምፕ ሞተር ቀለበት አምጥተን ቶርኖ ቤት አስጠረብነው። ክዳንና ክዳን መካከል የሚገባውን ወረቀት በመዶሻ ጫፍ እየጠቀጠቅኩ በእጄ ቆረጥኩት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ አሳራችንን አሳየን። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል፤ ዕቃው እዚያ፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን እንተያያለን። እሳቸው በርጩማ ላይ ሆነው ጆንያቸውን አንጥፈው የማቀብላቸውን በተራ ይደረድራሉ። ጡረታ የወጣሁ ያልመሰለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ፒስተን በፈላ ዘይት አሙቄ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጋሼ ጥሩነህ እጃቸውን ዘርግተው አነሡት። ይዘውት ቆዩ። እያገላበጡ ይዳብሱት ጀመር። የሚቃጠል ሥጋ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ነው ነጥቄ የጣልኩት። መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና «ድሮም መዳፌ ወፍራም ነው» ብለው ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። ስወጣ እትዬ ዘነቡ በር ላይ ያዙኝ። ስኳሩ የጋሼን ጣት እንዳደነዘዘው፣ የሚፋጅ ብርጭቆ ይዘው ዝም እንደሚሉ፣ ነጠላ ጫማ ከእግራቸው ወልቆ ሳያውቁ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። እንዳታነሣበት፣ ሐኪሙ የነገረው ጊዜ ስንት ቀን ምግብ እምቢ ብሎኝ ነበር አሉ።

እንግዲህ ቢዬላውን የምናስርበት ቀን ደረሰ። ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ይዞ ከታች የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚነዳው ክንድ ነው። ሞተሯ አራት አለው። እያንዳንዱ ከዘንጉ ጋር የሚታሰረው በሁለት ቡሎን ነው፤ እነዚያ ቡሎኖች ከላሉ ሞተሩ ራሱን ይገድላል። ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠነዋል። ጋሼ ጥሩነህ ተነሡና ከፊት አንደኛውንና ሁለተኛውን አንተ እሰር፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ አስራለሁ አሉ። የእኔን በባለቁጥሩ መፍቻ አሰርኩ። እሳቸው ተራውን መፍቻ ያዙ። ቀስ ብለው ሳቡ፣ ቀጥ አሉ፣ «በቃው» አሉ። ከዚያ ቀለሙን በስንጥር እየነከሩ፣ ፊታቸውን ብረቱ ላይ ሊደፉት ምንም ሳይቀራቸው፣ ቀይ ነጥባቸውን አኖሩ።

ባለቁጥሩ መፍቻ እጄ ላይ ነበር። እሳቸው ባሰሩት ላይ አንዴ ብቻ ላሳርፈው ብዬ አነሣሁት። የብረቱን ድምፅ ሰምተው «ምን ፈለግህ?» አሉኝ። «ምንም ጋሼ» አልኩና ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከታች ገጥመን ዘጋነው።

ለምን ሲሄዱ ጠብቀህ ተደብቀህ አልለካህም የሚለኝ ይኖራል። ተደብቄ? የማንን እጅ? እኔን ሰው ያደረገኝን እጅ እንደ ሌባ ከኋላው ልፈትሽ? ደግሞስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኔ ያየውን መዳፍ ልቤ አላመነውም ነበር። የተቃጠለውን አይቻለሁ፤ ግን «በቃው» ሲሉ ድምፃቸው ያው የድሮው ድምፅ ነው። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ሲወራ እሰማለሁ። ሞተርም እንደሚያፈርስ የሚያውቀው መካኒክ ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ልናስነሣት ሆነ። ከጎረቤት ሚኒባስ ባትሪ ተዋስን። ሰው በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። እትዬ ዘነቡ አዲስ ጋቢ አልብሰው አወጧቸው፤ መሪውን ጨብጠው ተቀመጡ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ጋ ቆሜያለሁ። ቁልፉን አዞሩት። አቃሰተች፣ ደግማ አቃሰተች፣ ከዚያ ተነሣች። ዕድሜ ልኬን የናፍጣ ሞተር ሲንገጫገጭ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ የዚህች ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር፣ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሰፈሩ እልል አለ። እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ ጥሩነህን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

አዲስ የተገጠመ ሞተር መጀመሪያ በዝግታ ነው የሚሠራው፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን ነዳጁን ረገጡት። ለቀቁት፣ ደግመው ረገጡት። እግራቸውም ምን ያህል እንደጫነ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ በመዶሻ ሳንቃ እንደመምታት ያለ። ይልቀቁት ብዬ ጮህኩ። ድምፁ ቸኮለ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ብረት ብረትን ሰበረ፤ መኪናዋ አንዴ ዘለለችና ዝም አለች። ጥቁር ዘይት ከሆዷ እየተንዠቀዠቀ መሬቱን ሸፈነው። እልልታው እዚያው አፍ ላይ ደረቀ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሞተሩ ጎን ቡጢ በሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ከውስጡ የተሰበረ ቢዬላ ጫፍ ይታያል። ሦስተኛው ነው።

«የቱ ነው?» አሉኝ ከወንበራቸው።

«ሁለተኛው» አልኩ፤ እኔ ያሰርኩትን።

ወረዱ። መኪናዋን በእጃቸው እየተደገፉ መጡ፣ ዘይቱ ላይ ተንበረከኩ፣ አዲሱ ጋቢ ተበላሸ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ከፊት ጀምረው በስንዝር ለኩ። ቀዳዳው ጋ ሲደርሱ መዳፋቸው ገባ።

«ሁለተኛው የት እንዳለ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፣ ይሁኔ» አሉና ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ሞተሩን ፈትቼ የተሰበረውን ቢዬላ ጓሮው ውስጥ ተውኩና አካሉን ሊበይድልኝ የሚችል ሰው ፈለግኩ። ያሳየሁት ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የዚህች መኪና ሞተር አገር ውስጥ ሌላ የለም፤ ውጭ ቢኖርም ማን ያመጣዋል? ለሰፈሩ ዕቃው አርጅቶ ነው ብዬ ነገርኩ። ሁሉም አመነ፣ ማን ሌላ ነገር ያስባል። ያን ሰሞን እግሬ ወደ እሳቸው ቤት አልሄድ አለኝ። ሰው ሲሞትብህ ለቅሶ ትደርሳለህ፤ ለዚህ ምን ብለህ ትደርሳለህ?

አንድ ቀን እትዬ ዘነቡ ራሳቸው መጡ። ምሳ አልበላ ብሎኛል፣ ና እይልኝ አሉ። ሄድኩ። ጋሼ ጥሩነህ ጓሮ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተሰበረውን ቢዬላ ከነዘይቱ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ምሳው አጠገባቸው ተከድኖ ቀዝቅዟል።

ሳየው ገባኝ። በእኛ ጋራዥ አንድ ቅጣት ነበር፣ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። ቡሎን ሳያስር ቀርቶ ዕቃ ያሰበረ ሰው በምሳ ሰዓት የሰበረውን ብረት ታቅፎ ሌላው ሲበላ ይቀመጣል። ከዚያ ማስተሩ ይመጣና በሰው ፊት ጥፋቱን ስሙን ጠርቶ ይነግረዋል፣ አይምረውም፤ ሲጨርስ «በል ታጠብ» ይለዋል። ከታጠበ በኋላ ያን ጥፋት አንሥቶ የሚያወራ የለም፤ በማግስቱ ያንኑ ሥራ መልሰው ይሰጡታል። እኔም ጉንደ ወይን ላይ የግሬደር ጥርስ ታቅፌ አልቅሻለሁ፤ ስታጠብ ግን ሰው ሆኜ ነው የተነሣሁት።

«እዚህ ስቀመጥ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አሉኝ። «የሚቆጣኝ አጣሁ። ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ጋሼ፣ ስኳሩ ነው፣ ጣትዎ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም አልኩ። መኪናዋም አርጅታ ነበር አልኩ። እኔም ነኝ፣ መለካት ነበረብኝ አልኩ። አፌ ያመጣውን ሁሉ ዘበራረቅኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሰው ስቆጣ ስኳር አለብህ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። «ያላሰርኩትን አላሰርክም በለኝ። አንዴ በለኝና ልታጠብ።»

አፌን ከፈትኩ። በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ ልላቸው ነበር። ስማቸውን ጠራሁ። ከዚያ እጃቸውን አየሁት፤ ያ የተቃጠለው መዳፍ ገና አልዳነም፣ ዘይቱ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል። ያወጣሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይታጠቡ፣ ጋሼ» አልኩ። ሳይቆጡት ታጠብ የተባለ ሰው በእኛ ጋራዥ አልነበረም። እንዲያው ታጠብ የሚባለው ማዕድ ለቀረበለት እንግዳ ነው።

ብረቱን አቀበሉኝ። ጭናቸውን በጨርቅ ጠረጉና ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። ስለ መኪናዋ አንድም ቀን አላነሡም። እንጀራ እንኳ በእጃቸው መቁረስ ትተው እትዬ ዘነቡ ያጎርሷቸው ጀመር። በሁዳዴ ጾም መካከል አረፉ።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከጉንደ ወይንም ከቁይም አብረውን የሠሩ ሹፌሮችና መካኒኮች ሳይቀሩ መጡ። አልቃሿ ብድግ ብላ የጋሼ ጥሩነህን ሙያ እያነሣች አወረደችው። እጁ ያሰረው ሲፈታ ያየ ማነው፣ እጁ የነካው ሳይነሣ የቀረ ማነው እያለች ሕዝቡን ጠየቀች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ደረቱን መታ። እትዬ ዘነቡ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም። አፌ ግን ከሰው ጋር አብሮ «እውነት ነው» አለ።